ደብዳቤሽ ከቻናልሽ ይበልጣል

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ደሴ ነው። አራዳ አካባቢ አንዲት ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። መጻፍ እወዳለሁ። ከሰባት ወር በፊት ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈትኩ። ጠዋትና ማታ ፖስት አደርጋለሁ፤ ስለ ፍቅር፣ ስለ ስኬት፣ ስለ ሕይወት የሚያነቃቁ ጥቅሶችና አጫጭር ምክሮች ናቸው። እስከ ዛሬ ያሉኝ 112 ሜምበሮች ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹም የዘመድ ልጆችና አብረውኝ የተማሩ። አብዛኛውን ፖስት ቢበዛ 40 ሰው ያየዋል። ከእኔ በኋላ የጀመረች ጓደኛዬ 6 ሺህ ደርሳለች። ‹ምን ያደክምሻል፣ ሜምበር ግዢ› ትለኛለች። የሚሸጥ ልጅም አገናኝታኛለች። ልግዛ? ወይስ ፌስቡክ ልሂድ? ቲክቶክስ? ፊቴን ማሳየት አልፈልግም፤ ቤተሰቦቼም መጻፌን አያውቁም። ልተወው ብዬም አስቤ አውቃለሁ። የቻናሉን ሊንክ አያይዣለሁ።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ባለፈው ሳምንት ነበር፤ ስላዘገየሁት ይቅርታ። አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ኮት ለልጃቸው ጠበብ እንዳደርገው አመጡ። ገበሩን ስፈታው በኪሱ ቀዳዳ ወርዶ የቀረ የአውቶቡስ ትኬት አገኘሁ። ከወልድያ ደሴ ይላል። ቀኑ ጠፍቷል። ያን ቀን ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

የስፌቷ ልጅ፣ ከደሴ»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቻናልሽንም ከመጀመሪያው ፖስት እስከ ትናንቱ ድረስ አየሁት። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ሰው የጻፋቸው አይመስሉም። ቻናልሽ ላይ «ሕይወት ትግል ናት፤ የታገለ ያሸንፋል» ይላል። ደብዳቤሽ ላይ የሟች ኮት አለ፤ የተቀደደ ኪስ አለ፤ ከወልድያ ደሴ የተቆረጠ ትኬት አለ። ጥቅሱን አንብቤ ወዲያው ረሳሁት። ትኬቱ ግን አራት ቀን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሰውየው ወልድያ ምን ሊሠሩ ሄደው ነበር? ያን ኮት ለብሰው ነው የተመለሱት? ልጃቸውስ ኮቱን ለብሶ መጀመሪያ የት ይሄድ ይሆን?

አየሽ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ብለሽ ከደብዳቤው መጨረሻ ያስገባሻት ያቺ አንቀጽ ናት ያንቺ ጽሑፍ። ዛሬ ልነግርሽ የምፈልገው ዋናው ነገር ይኸው ነው። ለእኔ እንደጻፍሽው ለሰውም ጻፊ። ለአንድ ሰው፣ ያየሽውን።

ጥቅስ መጥፎ ነው እያልኩሽ አይደለም። ሰው ሲከፋው አንዲት ጥሩ ቃል ታቆመዋለች። ግን ያው ጥቅስ ስንት ቻናል ላይ አለ መሰለሽ? አንባቢ ወዶት ለጓደኛው ቢልከው እንኳ አንቺን ብሎ ተመልሶ አይመጣም። ማን እንደጻፈው አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። የአራዳን ስፌት ቤት ግን ከውስጥ ሆኖ የሚጽፍልን ካንቺ ሌላ እስካሁን አላየሁም።

ማስረጃው ራሱ ቻናልሽ ላይ አለ። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ሁለት መስመር ብቻ ጽፈሻል። «ዛሬ ጉሙ እስከ ቀትር አልተነሣም። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት መብራት አበራን።» ከላዩ የክር ጥቅል ፎቶ አለ፤ በስልክሽ ያነሣሽው፣ ትንሽ የደበዘዘ። ከጽሑፉ ግርጌ ያለችውን የዓይን ምልክት ተመልከቺ። 118 ትላለች። ከሜምበሮችሽ ቁጥር ይበልጣል። ይህ የሚሆነው ሰው ፎርዋርድ ሲያደርገው ነው። የተላከለት ሰው ሲያየውም እዚያው ላይ ይቆጠራል። ምናልባት አዲስ አበባ ያለ የደሴ ልጅ አይቶት፣ «ኧረ ጉሙ!» ብሎ ለእህቱ ልኮላት ይሆናል። በማግስቱ ግን አንቺ ወደ ጥቅስሽ ተመለስሽ።

እኔም በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። በ2008 ዓ.ም. ፌስቡክ ላይ መጻፍ ስጀምር ስለ ስኬትና ስለ ዓላማ ነበር የምጽፈው። አንድ ዓመት ሙሉ ጻፍኩ። የሚያነቡኝ ጥቂት ወዳጆቼ ነበሩ። አንድ ምሽት አባቴ ጡረታ ወጣ። የሌሊት ጥበቃ ነበር። ባትሪውንና ጋቢውን ይዞ ሲገባ፣ ባትሪውን ግድግዳው ላይ ከለመደው ሚስማር ላይ ሰቀለው፤ ከዚያ ቆሞ አየው። ያን ጻፍኩት። ሌላ ምንም አልጨመርኩበትም። በማግስቱ ከሃርቡ፣ ከባቲ፣ ከዚያም ከአረብ አገር ሰዎች ጻፉልኝ። «የእኔም አባት» ብለው ነበር የሚጀምሩት። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ያነቡኛል። ሰው የራሱን አባት እንዲያስታውስ ያደረገው የእኔ አባት ባትሪ ነው። ስለ አባትነት ጥቅስ ብጽፍ ኖሮ አንዳቸውም አይመጡም ነበር።

ስፌት ቤት የሚቀመጥ ሰው የከተማውን ኑሮ በልኬት ያውቀዋል። እስቲ አንድ ዓመትሽን አስቢው። መስከረም ሲጠባ ዩኒፎርም ይመጣል። እናት ለልጇ ስታሰፋ «እጥፋቱን ሰፋ አድርጊው፤ ለከርሞ ይለቀቃል» ትልሻለች። ያ እጥፋት ውስጥ ስንት ነገር አለ! የልጁ ቁመት፣ የቤቱ ገቢ፣ የእናቲቱ ተስፋ። ዒድ ሲቃረብና ጥምቀት ሲደርስ እዚያው መኪና ላይ ተራ በተራ የሁለቱም በዓል ልብስ ይሰፋል። የሠርግ ሰሞን እንቅልፍ የለም። ሰኞ ገበያ ዕለት ከገጠር የመጣ አባወራ ጨርቁን ገዝቶ፣ «ሳልመለስ ይድረስልኝ» ብሎ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ክብደት የቀነሰች ሴት ቀሚሷን ልታስጠብብ መጥታ፣ ምን እንደገጠማት ሳትጠየቅ ትነግርሻለች። አንቺ ሜትርሽን አንገትሽ ላይ አድርገሽ፣ ጠመኔሽን ይዘሽ ትሰሚያለሽ። «ምን ልጻፍ?» የሚለው ጥያቄ አንቺን ሊያስጨንቅሽ አይገባም ነበር።

አሁን ወደ ሜምበር መግዛቱ ልምጣ። አትግዢ። ምክንያቱን በደንብ ልንገርሽ፤ ጓደኛሽ ይህን አልነገረችሽም መሰለኝ። የሚሸጡልሽ ሜምበሮች ሰዎች አይደሉም። አብዛኛው በጅምላ የተከፈተ አካውንት ነው። አያነብም፣ አይስቅም፣ ለማንም አይልክም። ቴሌግራም እንዲህ ያለውን አካውንት ሲያገኘው ይሰርዘዋል፤ የከፈልሽበት ቁጥር ባንድ ሌሊት ሊወርድ ይችላል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የዓይኗ ምልክት ናት። አንድ ሰው ቻናልሽን ከፍቶ 5 ሺህ ሜምበር ያያል። ወረድ ሲል 40 ቪው ያያል። ያን ጊዜ ምንም ሳይጠይቅ ገባው። አንቺ ደግሞ ቁጥሩን ባየሽ ቁጥር ውሸት መሆኑን ታውቂያለሽ። ጠዋት ተነሥቶ ለመጻፍ ይህ ምን ዓይነት ጉልበት ይሰጣል? ገንዘቡን ለካርድ አውይው። በጓደኛሽ ግን አትፍረጂ፤ ከእሷም ጋር አትወዳደሪ።

ሌላም ነገር አለ። ቴሌግራም የመጀመሪያዎቹን 200 ሰዎች ከስልክሽ ማውጫ ራስሽ እንድታስገቢ ይፈቅዳል። ብዙ ሰው ቻናል ሲከፍት እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ አንቺም እንዲሁ የጀመርሽ ይመስለኛል። ሳይጠየቅ የገባ ሰው ድምፁን ዘግቶ ይተወዋል፤ ይሉኝታ ይዞት እንጂ መውጣቱን ይፈልጋል። ከእንግዲህ ማንንም አታስገቢ። ይልቅ አንድ ጥሩ ነገር ስትጽፊ ይህ ጽሑፍ የማን ነው ብለሽ አስቢ። አባቱ በቅርቡ ያረፈ ጓደኛ አለሽ? የኮቱን ጽሑፍ ለእሱ ብቻ ላኪለት። «ይህን ስጽፍ አንተ ትዝ አልከኝ» በዪው። እንዲህ የመጣ አንድ ሰው ዝም ብሎ ከገባ መቶ ሰው ይበልጣል። እሱ ደግሞ ለሌላ ሰው ይልከዋል።

ፌስቡክ ልሂድ ወይ ብለሻል። ሁለቱ የሚሠሩበት መንገድ የተለያየ ነው። ቴሌግራም ላይ ቻናልሽን ለተቀላቀለ ሁሉ ጽሑፍሽ ይደርሰዋል፤ ከፍቶ ባያነበው እንኳ ተራውን ይዞ ይጠብቀዋል። ግን የማያውቅሽ ሰው እንዲሁ ሲያልፍ አያገኝሽም። ወይ ሰው ይልክለታል፣ ወይ ስምሽን ፈልጎ ይመጣል። ፌስቡክ ላይ ጽሑፍሽ ለማን እንደሚታይ የሚመርጠው ፌስቡክ ነው። ጓደኞችሽ ሁሉ አያዩትም። በአንጻሩ አንድ ሰው ኮሜንት ሲሰጥበት የማያውቁሽ ሰዎች ፊትም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ቴሌግራምን እንደ ቤትሽ፣ ፌስቡክን እንደ ሰኞ ገበያ ቁጠሪው። ገበያ ላይ ሰው ትተዋወቂያለሽ፤ ቡናውን የምታፈይው ግን ቤትሽ ነው። ቻናልሽን አትዝጊ። ፌስቡክ ላይ ደግሞ በብዕር ስም ገጽ ክፈቺና ከጽሑፎችሽ የተሻሉትን ብቻ አውጪ። ሊንክ ለጥፈሽ «ቀሪውን ቻናሌ ላይ አንብቡ» አትበዪ። ሙሉውን እዚያው ስጪያቸው፤ የቻናሉን ስም ከመጨረሻው መስመር በታች አስቀምጪ። የወደደ ይመጣል።

ቲክቶክን ተዪው። ፊትሽን ማሳየት አትፈልጊም፤ የምትወጂውም መጻፍ ነው።

አሁን የምነግርሽን ብዙ ሰው አያደርገውም፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው ብቻውን የሚቀረው። ወሎ ላደግሽ ልጅ የቡናን ሥርዓት እኔ አላስተምርሽም። ጎረቤት ሁልጊዜ አንቺ ቤት አይጠጣም። ዛሬ አንቺ ጋ ከሆነ ነገ እነሱ ጋ ነው። ተጠርተሽ የማትሄጂ ከሆነ አንቺ ስትጠሪም ሰው ይቀራል። በእነዚህ ሰባት ወራት የሌላ ሰው ጽሑፍ ሥር ገብተሽ ምን ጻፍሽ? «አሪፍ ነው» ማለት ለዚህ አይቆጠርም። «የእኔንም ቻናል ጆይን በሉ» ማለት ደግሞ ሰው ቤት ገብቶ በአቦሉ መሐል የራስን ዕቃ እንደ መሸጥ ነው። አንብቢ። ከልብሽ አንብቢ። ከዚያ የነካሽን መስመር ጥቀሺ፤ ያስታወሰሽን ነገር ጨምሪበት። አንድ ሰው ስለ አያቱ ካባ ቢጽፍ፣ ካባ እንዴት እንደሚሰፋ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሁለት መስመር ጻፊለት። ጸሐፊው ስምሽን ያስተውላል፤ አንባቢዎቹም ያስተውላሉ። በሳምንት አምስት ጊዜ ይህን አድርጊ። ሦስተኛው ወር ላይ ማን እንደሚያነብሽ ራስሽ ታያለሽ።

ክሮስ እናድርግ፣ ማለትም አንዳችን የሌላውን ቻናል እናስተዋውቅ የሚሉሽም ይመጣሉ። የምታነቢው ቻናል ከሆነ እሺ በዪ። የማታነቢውን ለአንባቢሽ አትምከሪ።

ስለ ፎርዋርድ ካነሣሁ አይቀር ስለ ተምብለር ልንገርሽ። በፈረንጆች 2007 ዴቪድ ካርፕ የተባለ የ20 ዓመት ወጣት ኒው ዮርክ ውስጥ የጀመረው የመጻፊያ መድረክ ነው። እዚያ ሰው የወደደውን ጽሑፍ አንድ ጊዜ ጫን አድርጎ ወስዶ ራሱ ገጽ ላይ ያወጣዋል፤ ሪብሎግ ይሉታል። የመጀመሪያው ጸሐፊ ስም ግን አብሮ ይሄዳል። ሃያ ተከታይ ያለው ሰው ብዙ ተከታይ ባለው አንድ አንባቢ በኩል ርቆ ይደርሳል። በቴሌግራም የዚህ ወንድም ፎርዋርድ ነው። ጽሑፍሽ የትም ቢላክ፣ ላኪው ካልደበቀው ከላይ የቻናልሽ ስም አለ፤ ሲነኩት ወደ አንቺ ያመጣል። ስለዚህ ሰው እንዳይልከውና እንዳይቀዳው የሚቆልፈውን ማስተካከያ አትክፈቺ። ሌባን እከለክላለሁ ስትዪ መልእክተኞችሽን ትከለክያለሽ።

ሌባ እንዳለ አውቃለሁ። ያን የአባቴን ጽሑፍ አንድ ትልቅ ገጽ ስሜን ቆርጦ አውጥቶታል። በሺህ የሚቆጠር ሰው አነበበው፤ ማን እንደጻፈው ግን አላወቀም። አልቅሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ስሜን የማስቀምጠው ከሥር ብቻ አይደለም። ጽሑፉ ውስጥ ራሱ ሰፈሬን፣ ሰዎቼን፣ የማይቆረጥ ነገር አስገባለሁ። አንቺም ስለ አራዳ ስትጽፊ ስምሽ ቢቆረጥ እንኳ አራዳ ይቀራል። የሚያውቅሽ አንባቢ «ይህ የስፌቷ ልጅ ነው» ይላል።

ያው ተምብለር በፈረንጆች 2013 ያሁ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ ገዛው። በፈረንጆች 2019 እንደገና ሲሸጥ ዋጋው ከዚያ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። በመሐሉ ደንቡ ተቀይሮ ብዙ ጸሐፊዎች ለቀው ወጥተዋል። ይህ የሩቅ ወሬ ከመሰለሽ የራሳችንን አስታውሺ። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው ለወራት ቆዩ። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። ስንት ሰው የጻፈውን ማየት እንኳ አቅቶት እንደከረመ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ደብተር ግዢ። ማንኛውንም ነገር መጀመሪያ እሱ ላይ ጻፊ። መኪናሽ አጠገብ ይቀመጥ፤ ሰው የተናገረውን እንደተናገረው፣ በራሱ አነጋገር መዝግቢ። ኔት ሲጠፋም ጽሑፍሽ አይቆምም። ሲመለስ የሚወጣ ነገር ይኖርሻል።

ስለ አጻጻፉ ጥቂት ነገር ልጨምር። ፖስቶችሽ ሁሉ የሚጀምሩት «ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች፣ እንደምን አመሻችሁ» ብለው ነው። አክብሮትሽ ደስ ይላል። ግን ስልክ ላይ ማሳወቂያ ሲመጣ ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው። ፌስቡክም ረጅም ጽሑፍን ከጥቂት መስመር በኋላ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ሰላምታው በሩን ዘግቶት ይቀራል። «ገበሩን ስፈታው ትኬት ወደቀ» ብለሽ ጀምሪ። ማን ነው ይህን አይቶ የማይከፍተው?

ዓረፍተ ነገርሽን አሳጥሪ። አማርኛችን ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣው፣ ዓረፍተ ነገሩ ከረዘመ አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ጣቱ ወደ ሌላ ያልፋል። ጮክ ብለሽ አንብቢው። ትንፋሽ ካጠረሽ ቁረጪው። አራት ነጥብሽንም በትክክል አድርጊ፤ ሁለት ነጥብ እየደረደርሽ አትተኪው። ፎቶ ስትጨምሪ ደግሞ ከፎቶ ሥር የሚገባው ጽሑፍ 1024 ፊደል ብቻ ነው፤ ያለ ፎቶ ግን እስከ 4096 ይሄዳል። ለኮቱ ያ ሁሉ አያስፈልግሽም። ፎቶውም የራስሽ ይሁን። ከጎግል የወረደች ፀሐይ ስትጠልቅ የምታሳይ ፎቶ ይቅርብሽ። ካውያው፣ የተቆረጠው ጨርቅ፣ ጦሳ ተራራ በመስኮቱ ሲታይ ይበቃል።

የቻናልሽን ስም ቀይሪው። «ሕይወትና ፍቅር» የሚለውን ስንት ሰው ይዞታል! ሌላም ችግር አለው። አንዱ «ሕይወት»ን በሐመሩ ሐ ይጽፋል፣ ሌላው በሃሌታው ሀ። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለስልክ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰው ስምሽን ሰምቶ ቢፈልግ ላያገኝሽ ይችላል። እንዲህ ያለ ፊደል የሌለበት ስም ምረጪ። «መርፌና ክር» ቢባልስ? ካልወደድሽው ሌላ ፈልጊ፤ ብቻ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ሳይሳሳት የሚጽፈው ይሁን። በላቲን ፊደል የሚጻፈው ዩዘርኔምም እንዲሁ አጭርና ግልጽ ይሁን። ቁጥርና ሰረዝ አታብዢበት።

በቀን ሁለት ጊዜ ማውጣትሽን አቁሚ። በሳምንት ሁለት ይበቃል። ሰኞ ይቅር፤ ከገበያው ውሎ በኋላ ደክሞሽ ነው የምትገቢው። ማክሰኞና ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ ሰው እራት በልቶ አረፍ ሲል ቢሆን ጥሩ ይመስለኛል። እሑድ ተረጋግተሽ ጻፊና የመላኪያውን ምልክት ጫን ብለሽ ያዢው፤ የምትፈልጊውን ቀንና ሰዓት እንድትሞዪ ያደርግሻል። ሥራ ላይ እያለሽ በጊዜው ይወጣል።

አሁን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። ደሴ ትልቅ ከተማ ትመስላለች፤ ግን ሰው ይተዋወቃል። ስም ባትጠሪም ኮት ሰውን ያስታውቃል። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለ ጎረቤት አንብቦት «ይህ የእነ እንትና ነው» ሊል ይችላል። ያቺ እናት ኀዘናቸው በስልክ ሲዞር ቢያገኙት ምን ይሰማቸዋል? ስለዚህ ከመጻፍሽ በፊት ጠይቂያቸው። «እማማ፣ ስም ሳልጠራ ስለዚህ ኮት ብጽፍ ቅር ይልዎታል?» በያቸው። እሺ ካሉ ጽፈሽ መጀመሪያ ለእሳቸው አንብቢላቸው። እምቢ ካሉ ደብተርሽ ውስጥ ይቅር፤ ሌላ ቀን ሌላ ሰው ይመጣል። ደንበኛ የነገረሽን ምሥጢር፣ በሽታና የትዳር ጉዳይ ደግሞ በፍጹም አታውጪ፤ ስሙንና ሰፈሩን ብትቀይሪም አታውጪ። ሰው ገላውን ለልኬት የሚሰጥሽ አምኖሽ ነው። አንድ ጊዜ ያ እምነት ከጠፋ እንጀራሽም አብሮ ይጠፋል። ቀጣሪሽንም አስፈቅጂ፤ ቤቱ የእሳቸው ነው።

የራስሽን ነገርም ጠብቂ። ቻናል ላይ የሚታየው የቻናሉ ስም እንጂ የባለቤቱ አይደለም፤ ስለዚህ ሳትታወቂ መጻፍ ትችያለሽ። ግን ማስተካከያው ውስጥ ገብተሽ ስልክ ቁጥርሽን ማንም እንዳያይ አድርጊ። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚለውንም ክፈቺና የይለፍ ቃል አስገቢ። አንድ ቀን የምታውቂው ሰው መስሎ «ስልክሽ ላይ 5 አሃዝ ኮድ መጥቷል፣ ላኪልኝ» የሚል ይመጣል። ለእናትሽም ቢሆን አትላኪ። በዚህ መንገድ የዓመታት ሥራቸውን የተነጠቁ አሉ። በውስጥ መስመር «ፎቶሽን ላኪ» ለሚሉሽ መልስ የለብሽም፤ ብሎክ አድርጊ። ብሔርና ሃይማኖት እያነሣ ሰው የሚሳደብም እንዲሁ። ቤትሽ ነው።

ቤተሰቦችሽን በሚመለከት አልቸኩልብሽ። አንድ ማታ ቡና ተፈልቶ ሁሉም በተሰበሰበበት የጉሟን ሁለት መስመር አንብቢላቸው። ማን እንደጻፋት አትንገሪ። ፊታቸውን እዪ። ከዚያ በኋላ መንገሩ ይቀልሻል።

112 ሰው ትንሽ አይደለም፣ እህቴ። ስፌት ቤታችሁ ውስጥ ቢገቡ የሚቆሙበት አይኖርም። አብሽሪ፤ አታቋርጪ። በሚቀጥለው ማክሰኞ አዲሱን ስም አውጪና የመጀመሪያውን ጽሑፍ ላኪልኝ። ሜምበር ቁጥር 113 እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅሽ አላልፍም። ደብዳቤሽ ላይ አልነገርሽኝም። ትኬቱን ለእናቲቱ መለስሽላቸው? ወይስ ገበሩን መልሰሽ ስትሰፊ እዚያው ተውሽው?